ሸዋረጋ ለማሽኑ የሰጠችው ምስክርነት

በሸዋረጋ ሳልቀና የዋልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። እሷም ታውቀዋለች። በር ለበር ነው የምንኖረው፤ ለንደን፣ ካውንስሉ (የሰፈሩ መስተዳድር) በሚያከራየው ሕንፃ ላይ፣ አንድ ኮሪደር። የእኔ መስኮት የቆሻሻ ገንዳ ያያል፤ የእሷ ግን ዛፍ ያያል። ቤቱን ሲሰጡን ዕጣ አላወጣንም፤ እንዲሁ ሆኖ ተገኘ። የሸዋረጋ ነገር ሁሌም እንዲሁ ሆኖ ይገኛል።

የተዋወቅነው ክሮይደን፣ የስደተኞች ወረቀት ሰልፍ ላይ ነው። ደርግ የወደቀ ሰሞን ነበር። እሷ በካርቱም በኩል አልፋ የመጣች፣ ቀጭን ሹራብ የለበሰች፣ ጥርሷ በብርድ እየተንቀጫቀጨ መዝሙር የምታንጎራጉር ልጅ ነበረች። በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ ሰምቷት ፈገግ አለና ወደ ውስጥ ገብታ እንድትሞቅ ፈቀደላት። እኔም ከኋላዋ ልከተል ስል «አንቺ መስመርሽን ጠብቂ» አለኝ። እንግሊዝኛ አልችልም ነበር፤ ግን በእጁ ነው ያሳየኝ፣ ገባኝ።

ከዚያ ኬንቲሽ ታውን አንድ ቤት ተከራይተን አብረን ኖርን። ወጥ ቤቱ የጋራ ነው። እሷ ሆስፒታል የአንሶላ ማጠቢያ ውስጥ ትሠራለች፤ እኔ ሰው ሳይገባ ቢሮ አጸዳለሁ። ሀብተ ማርያምን መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። አውቶቡስ ላይ ዕቃዬን ተሸከመልኝ። በሳምንቱ ቤት መጥቶ ጠየቀን፤ ከዚያ ወዲያ የተሸከመው የእሷን ዕቃ ነው። ሠርጋቸው ላይ ሚዜ ሆኜ ቆምኩ። ደግ ሰው ነበር፤ አፈር ይቅለለው። ሳዶቅ የሚባል አንድ ልጅ ትቶላት ነው የሞተው። ልጁ በርሚንግሃም ይሠራል፣ ሚስት አግብቷል፣ ሰፊ ቤት አለው። እኔ ልጅ የለኝም።

እንግዲህ የሸዋረጋን እምነት ካልነገርኩ ቀሪው ነገር አይገባም። በእኛ በጴንጤዎቹ ቤተ ክርስቲያን በሽታን በአፍ አይጠሩትም። «እንዴት ነሽ?» ሲሉሽ ትኩሳት እያነደደሽም ቢሆን «ድል ነው! ተፈውሻለሁ!» ነው የሚባለው። አብዛኞቻችን እዚያ እንደዚያ ብለን፣ ቤታችን ስንገባ ፓራሲታሞላችንን ውጠን እናቃስታለን። ሸዋረጋ ግን ቤቷም ያው ናት። ዳሌዋ የተሰበረ ጊዜ አምቡላንስ የጠራሁት እኔ ነኝ። የመጣው ሰው ተንበርክኮ «ያምሻል?» ሲላት መሬት ላይ ተዘርግታ «ሃሌ ሉያ፣ ምንም የለብኝም» አለችው። ግራ ገብቶት ወደ እኔ ዞሮ «ታዲያ ለምን ደወላችሁ?» አለኝ።

ከዳሌው በኋላ ግራ እግሯ አልታዘዝ አላት። ከአልጋ ብቻዋን አትነሳም፣ መታጠቢያ ቤት ብቻዋን አትገባም። ካውንስሉ ጠዋት ጠዋት የምትረዳት ኬረር መደበላት፤ ፀሎት ትባላለች፣ የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ። ለእኔም ትከሻዬና ስኳሬ ታይቶልኝ ያችው ልጅ ተመደበችልኝ። መጀመሪያ እሷን ታነሳለች፣ ቀጥላ ወደ እኔ ትመጣለች።

ፀሎትን እኔ እንደ ልጄ ነው የምወዳት። እሷ ግን ሸዋረጋን «እማዬ» ትላታለች። እኔን «እትዬ ማሚቱ» ትለኛለች። ሸዋረጋን «አንቺ» ትላለች፤ እኔን «እርስዎ»። «እማዬ፣ እግርሽን ወዲህ በይ» ስትል በስሱ ግድግዳ እሰማታለሁ። ከዚያ እኔ ጋ ትገባና «እትዬ ማሚቱ፣ መድኃኒትዎን ወሰዱ?» አክብሮት ነው ይባላል። አክብሮት ብርድ ልብስ አይሆንም።

ባለፈው ዓመት ካውንስሉ አዲስ ነገር አመጣ። በየዓመቱ ቤት መጥተው «ምን ትችላላችሁ፣ ምን ያቅታችኋል» የሚሉን ሠራተኞች ቀሩ። ማሽን በስልክ ትደውላለች፣ በቋንቋችሁ ትጠይቃለች ተባለ። እውነትም ደወለችልኝ። ድምፅዋ የሬዲዮ ዜና አንባቢ ይመስላል፤ የጠራ አማርኛ። «ራስዎን ችለው መታጠብ ይችላሉ?» አለችኝ። ስንት ዓመት ጠያቂ የጠማኝ ሴት! ስለ ትከሻዬ ነገርኳት፣ ስለ ስኳሬ፣ ስለ እግሬ ጣት፣ ቢሮ ሳጸዳ የወደቅሁትን፣ ሁሉን ዘረገፍኩት። አንዴ እንኳ አላቋረጠችኝም። በመጨረሻ «ወይዘሮ ማሚቱ፣ ስላካፈሉኝ አመሰግናለሁ» አለችኝ። ከሰው ልጅ ሁሉ እስከ መጨረሻው የሰማችኝ ያቺ ማሽን ናት።

ለሸዋረጋ ስትደውልላት እዚያው ነበርኩ። ስልኩን ላውድ አድርጋው ነበር።

«እንዴት ነዎት ወይዘሮ ሸዋረጋ?»

«ድል በድል ነኝ!»

«ባለፈው ዓመት የዳሌ ስብራት እንደነበረብዎ ተመዝግቧል። አሁን እንዴት ነው?»

«ተፈውሻለሁ! አለቀ፣ ተፈጸመ!»

«ሸዋረጋ» አልኳት በሹክሹክታ፣ «ይሄ ቤተ ክርስቲያን አይደለም። እግርሽን ንገሪያት።»

በእጇ ዝም በይ አለችኝ።

«ደረጃ ያለ እርዳታ መውጣት ይችላሉ?»

«በጌታ ጉልበት የማልዘለው ግንብ የለም!»

«በቤት ውስጥ የሚረዳዎት ሰው አለ?»

«ጌታ አለ። ቀንም ሌትም አይለየኝም።»

«አመሰግናለሁ» አለች ማሽኗ። ሸዋረጋ ስልኩን ዘግታ ፊቷ እንደ ሙሽራ አበራ። «አየሽ» አለችኝ፣ «ለማሽንም መሰከርኩላት።»

ወር ሳይሞላ ደብዳቤ መጣ። የሸዋረጋ ኬረር እንድትቆም ተወስኗል፤ አያስፈልጋትም። የእኔ ግን እንዲቀጥል፣ እንዲያውም በጠዋት ላይ የከሰዓት እንዲጨመርልኝ ተወስኗል። አልዋሽም፣ መጀመሪያ ደስ አለኝ። በሕይወቴ ከሸዋረጋ የበለጠ ሲሰጠኝ ያ የመጀመሪያው ነበር። ፀሎት የእኔ ብቻ ሆነች።

ሆነች ልበል እንጂ። ቤቴ ትገባለች፤ ዓይኗ ግን ግድግዳው ላይ ነው። ቁርስ ስትሠራልኝ «እማዬ ማን አንስቷት ይሆን?» ትላለች። የቀጠራት ድርጅት በስልኳ የገባችበትን በር ስለሚያይ ሸዋረጋ ጋ መግባት ተከልክላለች። «ብገባ ሥራዬን አጣለሁ እትዬ ማሚቱ» ብላ እንባዋ መጣ። እኔ ጋ ተቀምጣ ለእሷ ታለቅሳለች! በዚያች ሰዓት ሁለቱንም ጠላኋቸው።

ደብዳቤውን ለሸዋረጋ ያነበብንላት በሯ ላይ ቆመን ነው። መጨረሻው ላይ፣ ይህ ውሳኔ የተሰጠው በኮምፒውተር ረዳትነት መሆኑን፣ ሰው እንደገና እንዲያየው የመጠየቅ መብት እንዳላት ይላል። «ሕግ ነው፣ የግድ መንገር አለባቸው» አለች ፀሎት። «እማዬ፣ ሰው ይይልኝ በይ።»

«ምን ብዬ?»

«አሞኛል በያቸው።»

«ተፈውሻለሁ ባልኩበት አፌ? ሞቼ እገኛለሁ!»

ሳዶቅ ሰማ። ከበርሚንግሃም ደውሎ ጮኸባት። «እማ፣ ወይ ሪቪው እንጠይቅ፣ ሰው እንደገና ይየው፣ ወይ ከእኔ ጋር ትኖሪያለሽ። ብቻሽን አልተውሽም» አላት። ለእሷ ልጇ ቤት መሄድ ሞቷ ነው። ሠላሳ ዓመት የኖረችበትን ሰፈር፣ ቤተ ክርስቲያኗን፣ ዛፏን ትታ የት ትሄዳለች? ልጁ አልጠበቃትም፤ ራሱ በስሟ አፕላይ አደረገላት።

መልሱ እስኪመጣ ሸዋረጋን ያነሳኋት እኔ ነኝ። ጠዋት ስነቃ ወደ እሷ እሄዳለሁ። ክንዷን አንገቴ ላይ አድርጌ፣ «በኢየሱስ ስም» ብለን፣ አንድ ላይ እንነሳለን። አጥባታለሁ፣ ቀሚሷን አለብሳታለሁ። አንድ ቀን መታጠቢያ ቤት ውስጥ ትከሻዬን ይዛ «ማሚቱ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?» አለችኝ። ከክሮይደን ጀምሮ ይህን ቃል ስጠብቅ ኖሬአለሁ። ሌሎች ይወዷታል፣ ታውቃለች፤ የምትፈልገው ሰው ግን እኔ ሆንኩ። ትከሻዬ እንደ እሳት ይነዳል፤ ማታ እጄ ወደ ራሴ አይወጣም፤ ሻሼን የምታስርልኝ ራሷ ሸዋረጋ ነበረች፣ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ። ግድ አልሰጠኝም። ፀሎት «እማዬ እንዴት አደረች?» ስትለኝ «ደህና ናት፣ እኔ አለሁላት» እላለሁ። አሁን ደግሞ የምቀናው በፀሎት ላይ ሆነ። ካውንስሉ ሰው ባይልክ፣ ያ ሪቪው የሚሉት ቢጠፋ፣ ሳዶቅም ቢለምደው ብዬ ተመኘሁ።

ሰውየው ግን መጣ። ሰው አልኩ እንጂ ልጅ ነው፤ ጢሞቴዎስ ይባላል፣ እዚሁ ለንደን ተወልዶ ያደገ። አማርኛ የሚሰማ ስለተጠየቀ ነው የተላከው። ሸዋረጋ ሶፋዋ ላይ እንደ ንግሥት ተቀምጣ ጠበቀችው።

«የማን ልጅ ነህ?» አለችው ገና ሳይቀመጥ።

«ዛሬ የካውንስሉ ልጅ ነኝ እማማ። ዘመድ እንድንሆን ሕጉ አይፈቅድም።»

«አባትህን አውቀው ይሆናል።»

«ለዚህ እኮ ነው የማልነግርዎት!»

ሳቀች። ወዲያው ወደደችው፤ እሱም ወደዳት፤ ይኸው ነው የእሷ ነገር። ምግብ ብላ ስትለው «ኖ፣ አይቻልም፣ ሻይ ብቻ» አለና ኮምፒውተሩን ከፈተ።

«ነገሩን ልንገርዎት» አለ። «ማሽን ብቻዋን በሰው ኑሮ ላይ እንዳትወስን ሕጉ ይከለክላል። የወሰነችውን ሰው አይቶ ነው ማጽደቅ ያለበት። የእርስዎን ፋይል ያየ ሰው አለ ተብሎ ተጽፏል። ቼክ ሳደርግ ግን ‹ኦኬ› የሚለውን ተጭኖ ነው ያለፈው፣ አላነበበም። መጫን ማየት አይባልም። እኔ የመጣሁት በትክክል ለማየት ነው፣ ዩ ኖው፣ በዓይኔ።»

«ማሽኗ ምን ብላ ጻፈች?» አልኩት እኔ።

ጉሮሮውን ጠራረገ። «‹ወይዘሮ ሸዋረጋ ሙሉ በሙሉ ድነዋል። ደረጃ ያለ እርዳታ ይወጣሉ፤ ግንብም ይዘላሉ።›» ከንፈሩን ነከሰ። «‹ጌታ የሚባሉ ረዳት አብረዋቸው ይኖራሉ። ቀንና ሌሊት ይገኛሉ።›»

እኔ ሳቄን በነጠላዬ ያዝኩ። ሸዋረጋ አልሳቀችም።

«ውሸቱ የቱ ጋ ነው?» አለችው።

«ውሸት አላልኩም እማማ። ያምዎታል? እግርዎን?»

«በጭራሽ።»

«ብቻዎን መራመድ ይችላሉ?»

«በእምነት እራመዳለሁ።»

ልጁ እጁን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሳ። ሻዩን ጠጣ። እኔ በልቤ «ተሸንፈሃል፣ ሂድ» አልኩት። ከዚያ በሌላ በኩል መጣ።

«እሺ። ስለ በሽታ አልጠይቅዎትም። ዛሬ ጠዋት ከአልጋ ማን አነሳዎት?»

«ጌታ።»

«በማን እጅ?»

ሸዋረጋ ነጠላዋን አስተካከለች። መዋሸት አታውቅም።

«በማሚቱ እጅ» አለች።

«ማን አጠበዎት?»

«ማሚቱ።»

«ትናንትስ?»

«ማሚቱ።»

ስሜ ሲደጋገም ደስታዬ አይጣል ነበር። ጢሞቴዎስ ወደ እኔ ዞረ። «እንግዲህ ወሳኙ ጥያቄ ይሄ ነው እማማ ማሚቱ። እርስዎ ፈቅደው፣ በዚሁ መቀጠል የሚችሉ ከሆነ ካውንስሉ ሌላ ሰው ላይመድብ ይችላል። ለልጃቸውም የምትረዳቸው ሰው አለች ብለን እንነግረዋለን። ይችላሉ?»

ነገሩ ገባኝ። «እችላለሁ» ካልኩ ሸዋረጋ በርሚንግሃም አትሄድም። ፀሎትም አትመለስም። ሸዋረጋ ለእኔ ብቻ ትሆናለች። ከዚህ የተሻለ ምን አለ?

«እችላለሁ!» አልኩ። ድምፄ ቤቱን ሞላው።

«አትችልም» አለች ሸዋረጋ።

«ዝም በይ አንቺ!»

«አልልም። ስለ ራሴ የመሰከርኩትን አልቀይርም፤ የእኔ አፍና የእኔ ሥጋ ነው። የማሚቱ ትከሻ ተፈውሷል ብዬ ግን አልመሰከርኩም። ልጄ ጻፍ፤ ቀኝ ትከሻዋ ታሟል። ስታነሳኝ ጥርሷን ታፋጫለች። ማታ ሻሿን እኔ ነኝ የማስርላት፣ እጇ አይወጣላትም።»

«ውሸቷን ነው!» አልኩ። «እስከ ዛሬ በሽታ አልጠራሽም፣ ዛሬ በእኔ ላይ ነው የጀመርሽው?»

«አንድ ቀን እኔን እንደያዝሽ ትወድቂያለሽ። ማን ያነሳናል?»

«ጌታሽ ያንሳን!»

«በማን እጅ?» አለችኝ፤ የልጁን ጥያቄ ነጥቃ።

ጢሞቴዎስ በእርጋታ «እማማ፣ ቀኝ እጅዎን ከፍ ያደርጉልኛል?» አለኝ። አነሳሁ። በቁጭት ነው ያነሳሁት። ደረቴ ጋ ሲደርስ ቆመ። ጥርሴን ነክሼ ገፋሁት፤ ጆሮዬ ጋ እንኳ አልደረሰም። ሦስታችንም አየነው። «አመሰግናለሁ፣ ያውርዱት» አለኝ። ሳወርደው ራሱ አቃሰትኩ።

ልጁ ብዙ ጻፈ። ሊነሳ ሲል «እማማ ሸዋረጋ፣ ይሄን ‹ጌታ የሚባሉ ረዳት› የሚለውን ላርመው?» አላት።

«እንዳትነካው!»

«እሺ፣ ግን ሰው የሚያነሱ አይደሉም ብዬ ልጨምር?»

«ጌታ ማንሳት አይችልም ብለህ ልትጽፍ? የአንተስ እናት ምን ትልሃለች?»

ልጁ ጭንቅላቱን አከከ። ወዲህ አለ፣ ወዲያ አለ፤ በመጨረሻ የጻፈውን አነበበልን፤ «ረዳቱ በሌሎች ሰዎች እጅ የሚሠሩ በመሆናቸው፣ እጅ መመደብ አስፈላጊ ነው።» ሸዋረጋ ራሷን ነቀነቀች። «አሁን ሕጉ ገባህ» አለችው።

ውሳኔው ሲመጣ የሸዋረጋ ኬረር ተመለሰላት። ሳዶቅም «ከእኔ ጋር ትኖሪያለሽ» ማለቱን ተወ። ለእኔ የተጨመረው የከሰዓቱ አልተነሳብኝም፤ ይህን ሲነግሩኝ ግን የበፊቱን ያህል አልሞቀኝም።

ሰዎች የሸዋረጋን ስም ሲያነሱ «የእምነት ሴት» ይሏታል። እውነት ነው። አንሶላ ስትተኩስ እጇ ተቃጥሎ፣ ባሏን ቀብራ፣ ልጇን ብቻዋን አሳድጋ፣ አንድ ቀን «ደከመኝ» ስትል አልሰማኋትም። ስለ እኔ ግን ተናገረች፤ አላስፈቀደችኝም። ተቀይሜያታለሁ፤ ቅያሜዬም ገና አልወጣልኝም።

ፀሎት የተመለሰች ቀን ጠዋት በልማድ ተነሳሁ። ጫማዬን አድርጌ በሬ ላይ ደርሼ ትዝ አለኝ፤ እኔን የሚፈልገኝ ሰው የለም ለካ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። በግድግዳው በኩል ሁለቱ ያወራሉ። ትንሽ ታገስኩ። ከዚያ ስልክ ደወልኩ።

«ፀሎት ጨረሰች?» አልኳት።

«ኧረ ገና ናት። ምን አስቸኮለሽ?» አለች ሸዋረጋ።

«ቁርሴን ልበላ ብዬ።»

«ብዪዋ! እጅ የለሽም?»

«በሽተኛ ናት ብለሽ ለካውንስል መስክረሽብኝ የለ?»

«አንቺ ሴት፣ ቅናትሽን ትተሽ ወዲህ ነይ። ሻይ አለ።»

ስልኩን ዘጋሁባት። ከዚያ ሄድኩ። ሸዋረጋ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች፤ ፀሎት ከኋላዋ ቆማ ፀጉሯን ታበጥራለች። «እትዬ ማሚቱ፣ እንዴት አደሩ?» አለችኝ። ማበጠሪያውን ከእጇ ቀማሁና እኔው ቀጠልኩ።

«ኧረ ትከሻዎን!» አለች ፀሎት።

«ግራው ደህና ነው» አልኳት።